ቲቸር ሌላ ገጽ

ዛሬ ሥራችሁን ጥላችሁ፣ መንገድ አቋርጣችሁ ልትሸኟቸው የመጣችሁላቸው፣ ብዙዎቻችሁም በልጅነታችሁ «ቲቸር ሌላ ገጽ» እያላችሁ የጠራችኋቸው መምህርት፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው የዛሬ ስድሳ ስድስት ዓመት ተወለዱ። የተወለዱባትና ያደጉባት ክፍል ከአባታቸው ሱቅ በአንድ መጋረጃ ብቻ የተለየች፣ የስፌት መኪናው ሲረገጥ ወለሏ የሚንቀጠቀጥ ጠባብ ክፍል ነበረች።

አባታቸው ፊደል ያልቆጠሩ ቢሆኑም የልብስ ቅድ ለማውጣት የሚጠቀሙበት አሮጌ ጋዜጣ ከሱቁ ጠፍቶ አያውቅም ነበርና፣ ልጃቸው ትምህርት ቤት ገብተው ማንበብ እንደጀመሩ በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠው በእጅጌና በአንገትጌ ቅርጽ የተቆረጠውን ወረቀት እያነሡ ለአባታቸው ያነቡላቸው ጀመር። ወሬው ብብቱ ጋ ሲደርስ በመቀስ ይቋረጣል፤ እሳቸው ግን «ከዚያስ?» ለሚሏቸው አባታቸው ቀሪውን ከራሳቸው እየፈጠሩ ይቀጥሉላቸው ነበር። አባትም ጋዜጣው የሚለውንና ልጃቸው የሚጨምሩትን ሳይለዩ ለደንበኛ ሁሉ ስለሚያወሩ፣ አንድ ቀን በየትም አገር ያልወደቀ ድልድይ ወደቀ ብለው ሱቅ ሙሉ ሰው ስቆባቸዋል። መምህርቷ ይህን ሲያስታውሱ፣ «ማንበብ የተማርኩት ካለቀው ሳይሆን ከተቆረጠው ነው» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው፣ በሃያ ዓመታቸው የሁለተኛ ክፍል መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። ክፍላቸው በቆርቆሮ የተከደነ፣ ከሦስቱ መስኮቶች አንደኛው የማይዘጋ፣ በሃያ አግዳሚ ወንበር ላይ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ልጆች ተጠጋግተው የሚቀመጡበት ነበር። በጊዜው እንደተለመደው እሳቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባሉ፣ ክፍሉ ተቀብሎ በአንድ ድምፅ ይላል፤ ይህም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሲደጋገም ልጆቹ መጽሐፉን ዘርግተው ከዳር እስከ ዳር ሲያንበለብሉት የሰማ ሁሉ ይደነቅ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ በመጡ ቍጥር፣ «እንዲህ ያለ ክፍል የትም አላየሁም» እያሉ ሌሎች መምህራን መጥተው እንዲያዩ ያደርጉ ነበር።

በሃያ አራት ዓመታቸው በዚያው ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህር ከነበሩት፣ ከሰባት ዓመት በፊት በሞት ከተለዩን ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው፣ «የእኔ ትምህርት ስትጠይቀው መልስ አለው፤ የእሷ ግን ስትጠይቀው 'አንተስ ምን ይመስልሃል?' ብሎ መልሶ ይጠይቅሃል» እያሉ ቢቀልዱም፣ ከዚህ በታች በምንናገረው የመከራ ጊዜ ከጎናቸው ፈቀቅ ያላሉ ሰው ነበሩ።

በተቀጠሩ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በአንድ የዝናብ ሳምንት ጣሪያው አፍስሶ የመጻሕፍቱን ቁም ሣጥን አራሰው። መጻሕፍቱ ደርቀው ሲታደሉ ገጾቻቸው እየተጣበቁ በተገኘው ቦታ ብቻ የሚገለጡ ሆነው ነበር። ከፊት የምትቀመጥ ጎበዝ የተባለች ልጅ የዕለቱን ታሪክ እንድታነብ ተጠርታ አንዲት ቃል ሳትስት ስትዘልቀው፣ መምህርቷ ቀና ብለው አዩ፤ የተገለጠው ገጽ የሌላ ታሪክ ነበር። ቀስ ብለው፣ «እስቲ የኔ ልጅ፣ ሌላ ገጽ» አሏት። ልጅቷ ያንኑ ታሪክ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አጠገቧ ያለውን ጠየቁ፤ እሱም ያንኑ ጀመረ። በዚያን ዕለት ክፍሉን አንድ በአንድ ሲፈትኑ ከሃምሳ ስምንቱ ማንበብ የቻሉት ዘጠኝ ሆነው ተገኙ። አሥራ አንድ ነበሩ የሚሉም አሉ፤ መምህርቷ ግን እስከ መጨረሻው ዘጠኝ ይሉ ነበር። ልጆቹን ለጨዋታ አስወጥተው፣ ባዶው ክፍል ውስጥ የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዳለቀሱ የዚያን ጊዜዋ የጽዳት ሠራተኛ ነግረውናል።

በማግስቱ ነገሩን ሳይደብቁ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለባልደረቦቻቸው አውጥተው፣ በየቀኑ አዲስ ታሪክ ላስነብባቸው ሲሉ ክርክር ተነሣ። የአንደኛ ክፍሉ አንጋፋ መምህር፣ «መጀመሪያ ፊደሉን ይልቀሙት እንጂ፣ ታሪኩ የት ይሄድባቸዋል?» አሉ። የአራተኛ ክፍሏ መምህርት፣ «እኔ እቴ ምዕራፍ የሚጨርስልኝ ነው ያጣሁት፤ ፈተና ላይ ለማይመጣ ታሪክ ክፍለ ጊዜ ከየት ላምጣ?» ሲሉ፣ አንድ ጎልማሳ መምህር ደግሞ፣ «ሥነ ጽሑፍ ለሁለተኛ ክፍል? ገና ንፍጡን ያልጠረገ ልጅ ምኑን ያጣጥመዋል!» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ርእሰ መምህሩ ግን አልሳቁም፤ «ስሚኝ እኅቴ፣ ሱፐርቫይዘሩ የወደዱትን ክፍል በገዛ አፍሽ አታበላሺብን» አሏቸው። መምህርቷ የመለሱት፣ ልጅ የሚያነበው ቀጥሎ የሚመጣውን ለማወቅ ሲጓጓ እንደሆነ፣ በቃሉ በሚያውቀው ነገር ውስጥ ግን ቀጥሎ የሚመጣ ምንም ነገር እንደሌለ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ልጆቹ አይተውት የማያውቁት ገጽ ይዘው መግባት ጀመሩ። ካለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ታሪክ በእጃቸው እየጻፉ፣ ድምፃቸውን አሣምረው እያነበቡላቸው፣ ሌባው የበሩን እጀታ ሲይዝ ወይም ልጅቷ ጉድጓዱን ጎንበስ ብላ ስታይ ያቆማሉ። «ቲቸር በናትሽ! ከዚያስ?» ብሎ ክፍሉ ይንጫጫል። «ግድግዳው ላይ አለ፤ ሄዳችሁ እሱን ጠይቁት» ይላሉ። የታሪኩ መጨረሻ በልጅ ዐይን ቁመት ተለጥፎ ስለሚጠብቃቸው፣ የእረፍት ደወል ተደውሎ እንኳ ከግድግዳው ሥር የማይላቀቁ ነበሩ። ቅጽል ስማቸውም የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልሆነም። ሱፐርቫይዘሩ ተመልሰው ሲመጡ በፊት ይንበለበል የነበረው ክፍል ጣቱን በየፊደሉ ላይ እያስኬደ በዝግታ ሲያነብ አገኙትና፣ ለሦስት ዓመት ተከታታይ ዝቅተኛ የሥራ ውጤት ተሞላላቸው፤ በእድገትም ታለፉ። እሳቸውን የከበዳቸው ግን ይህ አልነበረም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከእጃቸው የወጡት ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት ልጆች ከዐይናቸው አልጠፋ ብለው ነበርና፣ የክፍል መዝገቦቹን ከዕቃ ግምጃ ቤት አስወጥተው ስማቸውን እየተከተሉ ከሱቅ ሱቅ፣ ከጋራዥ ጋራዥ ዞሩ፤ ማንበብ ለሚያስቸግራቸውም የቅዳሜ ጠዋት ክፍል ከፈቱ። የሳቀባቸውም፣ በር የዘጋባቸውም ነበረ። የመጡት ግን ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም አንዷ ዛሬ የዚያው ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆና እናያታለን።

ከስድስት መቶ ሠላሳ ስምንቱ አንዱ የገዛ ወንድማቸው ነበሩ። በአሥራ ሦስት ዓመት የሚያንሷቸው እኚህ አንድያ ወንድማቸው በስምንት ዓመታቸው የእኅታቸው ተማሪ ሆነው፣ ከሁሉ የጎላ ድምፅ ስለነበራቸው ክፍሉን እየመሩ ያስብሉ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱን ትተው አናጺ ቤት ገቡ፤ በዐይን መለካት ስለማይወዱም ባልደረቦቻቸው «ሜትር» ብለው ሰየሟቸው። መምህርቷ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ፈልገው በሚዞሩበት ሰሞን በምሳ ሰዓት ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ሄደው፣ ባለቤቱና ሦስት ሠራተኞች ባሉበት፣ በመላጊያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ዘርግተው፣ «እስቲ ይህን አንብብልኝ» አሏቸው። የአሥራ ስምንት ዓመቱ ወጣት ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። መጋዙ ቆመ። አንዱ ከኋላ፣ «ምነው ሜትር፣ መብራት ጠፋብህ እንዴ?» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። ወንድም ወረቀቱን ከነፍቅፋቂው ጠርገው መሬት ጣሉትና፣ «አንቺ አይደለሽም እንዴ ያስተማርሽኝ?» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ አምስት ዓመታት እኅትና ወንድም አልተኳረፉም፤ አብረው ወላጆቻቸውን ቀብረዋል፣ አንዱ የሌላውን ልጅ አሳድጓል፣ አብረው ስቀዋል። ወረቀት ግን በመካከላቸው ዳግመኛ አልተዘረጋም። ወንድም ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያውን ሁሉ ያለ ክፍያ ሠርተው አቁመዋል፤ ከላዩ ግን አንድ መጽሐፍ አንሥተው አያውቁም። ቤታቸው የሚመጣውን ጽሑፍ ሁሉ ባለቤታቸው፣ በኋላም ይህን ዜና ሕይወት የሚያነበው ልጃቸው ያነብላቸው ነበር። እሳቸው «መነጽሬን ረሳሁ» ይሉ ነበር፤ መነጽር ኖሯቸው አያውቅም። መምህርቷም ለታላቋ ልጃቸው ደጋግመው የነገሯት አንድ ነገር ነው፦ «ሰው ፊት አዋረድኩት። ለብቻው ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ይማር ነበር።»

መምህርቷ ለአርባ ዓመት አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላም የቅዳሜውን ክፍል አላቋረጡም። የዛሬ ሁለት ዓመት ግን በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሳምንት ሁለት ቀን ደማቸው በመሣሪያ የሚታጠብላቸው ሆኑ። ወንድማቸው አንድም ቀን ሳይቀሩ እያደረሱ፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ አራት አራት ሰዓት ተቀምጠው እየጠበቁ ይመልሷቸው ነበር።

ቀጥሎ ያለው እንዲነገር የጠየቁት ወንድማቸው ራሳቸው ናቸው። የዛሬ ዓመት ገደማ ወደ ቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ሄደው፣ «እኅቴ ሳትሰማ ማንበብ አስተምሪኝ» አሏት። እንጨት ሥራ ቤቱ ሲዘጋ በገዛ እጃቸው በሠሩት መደርደሪያ መካከል ተቀምጠው ተማሩ። ሐሳባቸው አንድ ሙሉ ታሪክ በእኅታቸው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ማንበብ ነበር። ታሪኩን መርጠው ወር ሙሉ ተለማመዱት፤ ይሁን እንጂ ከመደጋገሙ የተነሣ በቃላቸው እንደያዙት አንድ ቀን አወቁ። እኅታቸውን ያውቋቸዋልና ወዲያው «ሌላ ገጽ» እንደሚሏቸው አልተጠራጠሩም። ስለዚህ ሌላ ታሪክ ጀመሩ፤ እሱም በቃላቸው ሆነ። ሦስተኛውን ጀመሩ። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ ይብቃዎት፣ ይሂዱና ያንብቡላቸው» ብትላቸውም፣ «ሳልሰናከል እስክችል» እያሉ ከሳምንት ሳምንት አስተላለፉት። በመጨረሻ የፊታችንን እሑድ ቈረጡ። መምህርቷ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ መሣሪያው እንደተገጠመላቸው ልባቸው ደክሞ ዐረፉ። ወንድማቸው ኮሪደሩ ላይ ነበሩ።

የመጨረሻውን አንቀጽ የሚያነቡት ወንድማቸው ናቸው። ቀድመው አላዩትም፤ አስቀድሞ እንዳይሰጣቸውም የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ቢዘገዩ ለቀስተኛው እንዲታገሣቸው፣ ቃልም ማንም እንዳያቀብላቸው በትሕትና እንለምናለን።

መምህርቷ ያውቁ ነበር። ሰኞ ዕለት የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ልትጠይቃቸው ሄደች። እጇን ይዘው፣ «ተማሪሽ እንዴት ነው?» አሏት። ደነገጠች። «ማን ነገረዎት?» አለች። «ኮሪደሩ ላይ ማስታወቂያ ሲያነብ አየሁት፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል» አሉ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉት?» አለች። «አንድ ጊዜ ሰው ፊት ጠይቄዋለሁ። አሁን እሱ ይምጣ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እንዴት ያነባል?» አሉ። «ይንተባተባል፤ ይሳሳታል» አለቻቸው። መምህርቷ ሳቁ። «እሰይ! እንግዲያው እያነበበ ነው» አሉ። መምህርቷ ሁለት ሴቶች ልጆች ትተዋል። ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ብዙ ተማሪዎች ትተዋል። አንድ ወንድም ትተዋል። ይህን ያነበበው እሱ ነው። ፈጣሪ ብዙ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍ። እኛንም ያጽናን።