አሥረኛዋ ጥይት

(ቢሾፍቱ፣ ከሰዓት በኋላ። በሕመም አልጋ የያዙት የቀድሞ የተኩስ አሠልጣኝ ሻምበል ጓንጉል ትራስ ተደግፈዋል፤ ተማሪያቸው የነበረችው ዘርፌ ክለቡ የፊታችን ቅዳሜ እዚሁ ቤታቸው ለክብራቸው በሚያሰናዳው ዝግጅት ላይ የምታቀርበውን ጽሑፍ እያነበበችላቸው ነው።)

ሻምበል ጓንጉል፦ እሷን ሰርዢያት።

ዘርፌ፦ የቷን?

ሻምበል ጓንጉል፦ አሁን ያነበብሻትን። «የመጨረሻዋን ጥይት ሆን ብለው ስተው ዋንጫውን ለተማሪያቸው ለቀቁላት» የምትለዋን።

ዘርፌ፦ አገር ያወቀውን ምን ብዬ ልሰርዝ?

ሻምበል ጓንጉል፦ አገር ስንቱን ያውቃል።

ዘርፌ፦ ሌላውን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙ እኮ። በደረት ተኝቶ መተንፈስ እንዳስተማሩኝ፣ ሦስት ወር ሙሉ ጥይት ሳይሰጡ ባዶ ጠብመንጃ እንዳሸከሙኝ...

ሻምበል ጓንጉል፦ ሁለት ወር ነው።

ዘርፌ፦ ሦስት። ትከሻዬ ያውቃል።

ሻምበል ጓንጉል፦ ይሁን፣ ሦስት። ሰው ሊሞት ሲል ወሩም ይጨመርለታል።

ዘርፌ፦ እንዲህ አይበሉ፣ ሻምበል።

ሻምበል ጓንጉል፦ «ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም» ይባል የለ? እናንተ ቀደማችሁኝ። እስቲ ውሃውን አቀብይኝ።

ዘርፌ፦ እኔ ልያዝልዎ። ቀስ ብለው።

ሻምበል ጓንጉል፦ ይሄ እጅ መቼ መንቀጥቀጥ የጀመረ ይመስልሻል?

ዘርፌ፦ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ነው። ለሐኪሙም እንደዚያ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሻምበል ጓንጉል፦ ለሐኪሙም ዋሸሁ። የዚያ ውድድር ዕለት ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ ነበር።

ዘርፌ፦ የትኛው ውድድር? የእኛ? እኔና እርስዎ ለዋንጫው የተኮስንበት?

ሻምበል ጓንጉል፦ የእኛ። እስከ ዘጠነኛው ጥይት ትንፋሼን አፍኜ ያዝኩት። አሥረኛው ላይ ጣቴ ምላጩን ከእኔ በፊት ሳበው።

ዘርፌ፦ ጥይቱ ከኢላማው ጨርሶ ወጣ። የእርስዎ ጥይት ከኢላማ ወጥቶ አያውቅም።

ሻምበል ጓንጉል፦ ለዚህ ነዋ «አውቆ ነው» ያሉት። ቀና ስል ያጨበጭቡልኛል። «የለም፣ እጄ ታሟል» ብል በማግስቱ ከክለቡ መሰናበቴ ነው። ዝም አልኩ።

ዘርፌ፦ መሣሪያ ክፍል ድረስ መጥቼ «ለቀውልኝ ነው?» ብዬ ጠይቄዎት ነበር።

ሻምበል ጓንጉል፦ ትዝ ይለኛል።

ዘርፌ፦ ሳቁብኝ።

ሻምበል ጓንጉል፦ ሳቅሁ። ምን እላለሁ?

ዘርፌ፦ በዓመቱ ተኩስ ለምን እንደተውኩ ያውቃሉ?

ሻምበል ጓንጉል፦ ባል አገባሁ ብለሽ ነዋ።

ዘርፌ፦ ያገባሁት ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቼ ነው። ሜዳው ላይ በተኛሁ ቁጥር ከኋላዬ «ባለ ምጽዋት ዋንጫ» ይሉኝ ነበር። እየዋለ ሲያድር እኔም አመንኩ። ጠብመንጃውን ያስረከብኩት ለዚያ ነው።

ሻምበል ጓንጉል፦ አላወቅሁም።

ዘርፌ፦ አልጠየቁም።

ሻምበል ጓንጉል፦ አዎ፣ አልጠየቅሁም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የእኔው ደግሞ ላንቺ ተረፈ።

ዘርፌ፦ (ወረቀቷን ታጥፋለች።)

ሻምበል ጓንጉል፦ ተናገሪኝ እንጂ። ተቆጪኝ።

ዘርፌ፦ ምንም አይሰማኝም፣ ሻምበል። ከቤት ስወጣ ምድጃውን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ነው የማስበው።

ሻምበል ጓንጉል፦ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘርፌ፦ የእኔ አሥረኛ ስንት ነበረች?

ሻምበል ጓንጉል፦ ድፍን አሥር ነጥብ። እስከ ዘጠነኛው እኩል ነበርን፤ አንቺ ቀድመሽ ተኮስሽ። እኔም አሥር ብመታ እኩል እንወጣ ነበር እንጂ አልበልጥሽም። ማንም አልለቀቀልሽም።

ዘርፌ፦ ይህን ዛሬ ነው የሚነግሩኝ?

ሻምበል ጓንጉል፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ዘርፌ፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አደረ።

ሻምበል ጓንጉል፦ እንግዲያውስ ሰርዢና በቦታው ይህን ጻፊ። ቅዳሜ ለሁሉም አንብቢላቸው።

ዘርፌ፦ አላነብም።

ሻምበል ጓንጉል፦ ለእኔ አዝነሽ ነው?

ዘርፌ፦ ከእኔ አፍ ሲወጣ ማን ያምናል? «አልጋ የያዘ ሰው ላይ ተነሣች» ነው የሚሉት።

ሻምበል ጓንጉል፦ ታዲያ ምን ይሁን?

ዘርፌ፦ ሌላውን ምስጋና አንዲት ቃል ሳልቀንስ አነባለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። ያኔ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።