የታላቅ እኅቴ ቅናትና የአስነሺዋ ሞተር ነገር

ታላቅ እኅቴን ልትሸኙ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ይህን ዜና ሕይወት የጻፍኩት እርሳቸው በአልጋ ላይ በቆዩባቸው የመጨረሻ ሳምንታት፣ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እያረሙኝ ነው። «ደግ ነበረች፣ ትሑት ነበረች እያልሽ ብታነቢ እታዘብሻለሁ፤ ቀናተኛ ነበረች ብለሽ ጻፊ» ስላሉኝ፣ ቃላቸውን አክብሬ እንደነገሩኝ አነባለሁ።

ታላቅ እኅቴ ከአናጢ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እኔ በመወለዴ፣ እናታችን ሲነግሩን እንደኖሩት፣ አልጋዬ አጠገብ ቆመው «ይህቺ መቼ ነው የምትሄደው?» ብለው ጠየቁ። እኔን ለመልመድ ሦስት ዓመት ፈጀባቸው፤ ከለመዱኝ በኋላ ግን ሌላ ሰው እንዲያቅፈኝ አይፈቅዱም ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለውና የጽሕፈት መኪና ተምረው ሲያበቁ፣ በአንድ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት በመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠሩ። በዚያ ከጣሪያ እስከ ወለል በተደረደረ ብረት መካከል ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ቁጥር መዝገብ ሳይገልጡ በቃላቸው ይጠሩ ነበር። ባለቤታቸውንም ያገኙት በዚያው ግምጃ ቤት የዕቃ ማስረከቢያ መስኮት ነው፤ ሰውየው የባለ ሰንሰለት ትራክተር ነጂ ሆነው አንዲት የዘይት ማጣሪያ ፊልትሮ ለመቀበል በሳምንት ሦስት ቀን ስለተመላለሱ፣ እኅቴ «ወይ ፊልትሮውን ውሰድ፣ ወይ እኔን ውሰደኝ» አሏቸው። ተጋብተውም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

መሥሪያ ቤቱ ያረጁ መኪኖቹን ባስወገደ ጊዜ ባለቤታቸው ሲነዱት የኖሩትን ትራክተር ገዝተው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ይህ ትራክተር እንደ ዛሬዎቹ በቁልፍ የሚነሣ አልነበረም። በጎኑ በቤንዚን የምትሠራ አንዲት ትንሽ ሞተር ነበረችው፤ መጀመሪያ እርሷ በማኖቬላ፣ በብረት እጀታ፣ በእጅ ተጠምዝዛ ትነሣለች፣ ሞቅ ስትልም ትልቁን የናፍጣ ሞተር አሽከርክራ ታስነሣዋለች፤ እርሷ ከሌለች ትልቁ የብረት ክምር ነው። ባለቤታቸው ይህችን ትንሽ ሞተር በየማለዳው በጨርቅ እየወለወሉ «ተነሺ እሜቴ» ይሏት ነበር። እኅቴን የሚጠሩት ግን «አንቺ» ብለው ስለነበረ፣ እኅቴ በብረት ቀኑ። «እኔ ሁለት ልጅ ወልጄለት እሜቴ አልተባልኩም» ሲሉኝ የሣቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባለቤታቸው በአንድ ብርዳም ኮረብታ ላይ ለነዋሪዎች የውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ ለመሥራት ተዋውለው፣ እዚያው ድንኳን ተክለው ሁለት ወር ቆዩ። እኅቴ ናፍቆቱም ቅናቱም ቢብስባቸው፣ ልጁ በደኅናው ኳስ ሲጫወት፣ «ልጁ ታሟልና ቶሎ ድረስ» የሚል መልእክት በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ላኩ። አባት ደንግጠው፣ ማታ ማታ እንዳይረጋ የሚያፈስሱትን የትንሿን ሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ ሳያፈስሱ ወረዱ፤ ልጃቸውን በደጅ ሲሮጥ ቢያገኙትም እራታቸውን በልተው ተኙ። ወደ ኮረብታው ሲመለሱ ግን ውሃው በውርጭ ረግቶ የሞተሯን ብሎክ፣ ዋናውን የብረት አካሏን፣ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆት ጠበቃቸው።

ብየዳው አንድ ቀን ይዞ ለቀቀ። ጎትቶ የሚያስነሣ ሌላ ባለ ሰንሰለት ትራክተርም በአካባቢው አልነበረም። ግድቡ በግማሽ ቆሟል፤ ዝናቡ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ውሃው ያላለቀውን አፈር ይዞ ቢወርድ የሚያርፈው ከታች ባሉት ቤቶች ላይ ነው። ባለቤታቸው የምትተካ ትንሽ ሞተር ፍለጋ በየጋራዡና በየብረታ ብረቱ ግቢ ዞረው ዞረው አንድ ቀን ማምሻውን «ተገኘች» አሉ።

«የት?»

«አንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ።»

«የማን ወፍጮ ቤት?»

ባለቤታቸው ጫማቸውን ሲፈቱ ቆይተው «የምታውቂያት ናት» አሉ። እኅቴ አወቋቸው፤ ባለ ወፍጮዋ ከእኅቴ ጋብቻ በፊት ለባለቤታቸው ሊታጩ ጥቂት ቀርቷቸው የነበሩ ሴት ናቸው። ሟች ባላቸውም ያንኑ ዓይነት ትራክተር ነበራቸው፤ ዶሮ ከሥሩ እንቁላል የምትጥልበት የትራክተሩ ሬሳ ያኔ በጓሮ ቀርቶ ነበር።

ባለቤታቸው ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እኅቴን ያንገበገባቸው ባዶ እጅ መመለሳቸው ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ጉዞ ጢማቸውን ተላጭተው መሄዳቸው ነበር። በአራተኛው ሳምንት እኅቴ ምላጩን ደብቀው ራሳቸው አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ከወፍጮ ቤቱ ሲደርሱ ሰላምታ ሳይጨርሱ ወደ ጓሮ አልፈው፣ የሞተሯን ሰሌዳ በሻርፓቸው ጫፍ ጠርገው ቁጥሩን አነበቡ። ከመጨረሻው አኃዝ በቀር ልክ ነው፤ የመጨረሻው አኃዝ የካርቡራተሩን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ አቀማመጥ ብቻ እንደሚለይ የሚያውቅ፣ በዚያ አገር ከእርሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም። ዞር ብለውም «ለምን አትሸጪለትም?» ብለው ጠየቁ።

ባለ ወፍጮዋ የዱቄት እጃቸውን እያራገፉ «ከሸጥኩለት ሌላ ጊዜ ይመጣል?» አሉ።

እኅቴ ለመጣላት የሄዱ ሴት ነበሩ፤ የተዘጋጁበትም ንግግር ነበራቸው። ነገር ግን፣ እንደነገሩኝ፣ ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ድምፅ የሰሙ መሰላቸው፤ የታመመ ልጅ ፈጥረው መልእክት የላኩትም ከዚሁ የተነሣ ነበርና። በትራክተሩ ሰንሰለት ላይ ተቀምጠው «ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ መጥቶ የወፍጮሽን ቀበቶና ኩሽኔታ ይይልሽ። ብቻውን ይመጣል። እኔ አልከተለውም» አሉ። ሞተሯም በዚያው ቀን ተፈታች።

ግድቡ ዝናቡ ሊጥል ሦስት ቀን ሲቀረው ተጠናቀቀ፤ ውሃውም ተገድቦ ቆመ።

ከዚያ በኋላ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም የመጀመሪያ ቅዳሜ አልታጎለም። ባለቤታቸው ሲወጡ እኅቴ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ይሸኛሉ፤ ከሄዱ በኋላ ግን ቤቱን ሁለት ጊዜ ይጠርጋሉ፣ ልጆቹን ያለ ጥፋታቸው ይቆጣሉ፣ ማታ ሸሚዙን ተቀብለው ኮሌታውን ያሸታሉ። የሚሸተው ዱቄትና ግራሶ ብቻ ነበር፤ እርሱም አላረካቸውም። «ለምን አብረሽው አትሄጂም?» ስላቸው «ቃል ሰጥቻለሁ» ይሉኝ ነበር። ቅናታቸው አንድም ቀን አልቀነሰም፤ ቃላቸውንም አንድም ቀን አላጠፉም።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም አድሮባቸው በቤትም በሆስፒታልም ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ባለቤታቸውን ወደ አልጋቸው አስጠርተው «ከሞትኩ ዓመት ሳይሞላኝ ወፍጮ ቤት እንዳትረግጥ» አሉ። ባለቤታቸውም «እሺ እሜቴ» ብለው መለሱላቸው። እኅቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትራሳቸውን ሳስተካክል ግን ሲሥቁ አየኋቸው። በሁለተኛው ቀን፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ታላቅ እኅቴ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ታናሽ እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። ባለ ወፍጮዋም ዛሬ በጧቱ አውቶቡስ መጥተው ከኋላው ወንበር ተቀምጠዋል። እኅቴ ባለቤታቸው እንዳይሄዱ ከለከሉ እንጂ እርስዎ ባለ ወፍጮዋ እንዳይመጡ አልተናገሩምና፣ ወደ ፊት አልፈው ከእኛ ጋር ይቀመጡ።

ፈጣሪ የእኅቴን ነፍስ፣ የወደዱትን ማጣት በማያስፈራበት ስፍራ ያሳርፍልን።