ቀዩ ክብ

ጋሼ፣ እትዬ፣ ባልደረቦቼ፤ በዚህ የጋሼ የጡረታ ሽኝት ላይ ወሬ ከጀመርኩ ስለማላቆም አንድ ሰው ሰዓት ይያዝልኝ።

ጋሼ እዚህ ትምህርት ቤት ሊያስተምሩ የመጡ ዕለት እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትልቁን የእንጨት ኮምፓስና ማስመሪያ በብብታቸው ይዘው በር ላይ ሲደርሱ፣ አባባ ዘበኛ "እሰይ፣ አናጢው መጣ!" ብለው የተሰበረ ዴስክ ወደተከመረበት ክፍል ወሰዷቸው። ጋሼም ትንፍሽ ሳይሉ ሁለት ዴስክ ጠግነው፣ እጃቸውን አራግፈው፣ "አሁን ደግሞ የሒሳብ ክፍሌን ያሳዩኝ" አሉ። አባባ፣ ምን ያሽኮረምምዎታል? እርስዎ ነዎት!

"ጋሼ ምክንያት" ያልናቸው እኛ ተማሪዎቹ ነን። ጂኦሜትሪ ላይ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ምክንያቱ ካልተጻፈ ማርክ የለም። ከክፍል ሲወጡም አይተዉትም። ርዕሰ መምህሩ "ስብሰባው ወደ ሐሙስ ተዛውሯል" ሲሉ ከኋላ "ምክንያት?" ይመጣል። እኔ "ጋሼ፣ ራሴን አሞኛል" ስል "የተሰጠውን ነገርሽኝ፤ ማረጋገጫውስ?"

ላጲስ ግን ጠላታቸው ነው። ተማሪ ሲሳሳት አያስጠፉትም። የተሳሳተችውን እርምጃ በቀይ ይከቡና "እስከዚህ ደህና መጥተሃል፤ ከዚህ ጀምር" ይላሉ።

አሁን የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ። ትናንት ጋሼ ራሳቸው "እርምጃውን ሁሉ ተናገሪ፣ አንድም እንዳታስቀሪ" ስላሉኝ ነው የምናገረው።

አምና፣ እኔም እዚሁ መምህር ሆኜ፣ በክፍላቸው በር ሳልፍ ሰሌዳው ላይ 3(x − 4) = 2x + 5 ተጽፏል። ከሥሩ 3x − 4 = 2x + 5። አራቱን በሦስት አላባዙትም። x = 9 አሉ፤ እንደ ልማዳቸው መልሰው ተክተው አዩት፤ በግራ 15፣ በቀኝ 23። ጠመኔውን እንደያዙ ስህተቱን ሲፈልጉ ደወል ተደወለ። ከዚያ ሁሉ ተማሪ አንድ እንኳ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ያረሙትን ፈተና በእረፍት ሰዓት ከቁም ሳጥናቸው እያወጣሁ፣ በእሳቸው ዓይነት ቀይ እስክሪብቶ ደግሜ አርም ነበር። የረዳኋቸው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን አርሜ የመለስኩትን እሽግ ሳወጣ፣ እኔ የነካኋቸው ቁጥሮች ሁሉ ተከበዋል። ከጎናቸው በዚያ ቀጥ ባለ ጽሑፋቸው "ምክንያት?" ይላል።

ሄጄ ፊታቸው አለቀስኩ።

"ልጄ፣ የተደበቀ ስህተት ምን ያደርጋል?" አሉኝ።

"ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያበላሻል።"

"እንግዲያው በልጆቹ አናድርገው።"

በማግስቱ የጡረታ ደብዳቤያቸውን ጻፉ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው እንደነገራቸው የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሼ፣ እኔ አልጀብራ ሁለቴ የወደቅኩ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ያንኑ አልጀብራ ቆሜ የማስተምረው እርስዎ ደብተሬ ላይ ከከበቡት ቦታ ተነሥቼ ነው። አመሰግናለሁ ማለት ያንሳል፤ ግን አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ደብተር ይዤ ቤትዎ እመጣለሁ። አንድ ጥያቄ አብረን እንሠራለን። የጠፋብዎት ቦታ ላይ እከብና "እስከዚህ ደህና መጥተዋል፤ ከዚህ እንጀምር" እልዎታለሁ። አንድ ቀን በሩን ከፍተው "አንቺ ማን ነሽ?" ካሉኝ "ተማሪዎ ነኝ" እላለሁ። እርስዎ ብቻ "ምክንያት?" ይበሉኝ፤ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው፣ ከአናጢው ጀምሬ እነግርዎታለሁ።

በሉ ተነሡ፣ ብርጭቆ እናንሳ። ጤናዎ ይሰንብት፣ ቤትዎ ሰው አይጣ። ለጋሼ ምክንያት!