ሳያዩ መሳል

የልጅ ልጄ የሐሊማ መምህር ስለወተወተኝ እሷን ይዤ ሸዋ ሮቢት አንድ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ፤ የሥዕል ታብሌት ልገዛላት። ስክሪን ላለው የበሬ ዋጋ ጠሩብኝ። ርካሹ ስክሪን የሌለው ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ እጅ እሱ ላይ ይስላል፣ ሥዕሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል። «ጋሼ፣ እጅን ሳያዩ መሳል ወራት ይፈጃል፤ ብዙው ሰው ተናዶ ይመልሰዋል» አለኝ ባለሱቁ። «ካልቻልሽበት ባዶ እጃችንን ነው የምንመለሰው» አልኳት።

ሐሊማ ብዕሩን አነሳች። ዓይኗን ከባለሱቁ ፊት ሳትነቅል እጇ ብቻ ሄደ፤ ሰውዬው ከነግንባሩ ጠባሳ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። «ሱብሃነላህ!» አልኩ። እሱም ጠባሳውን እየዳበሰ፣ «የት ተማርሽው?» አላት።

«ማማ ላይ፣ ማሽላ ስጠብቅ ወረቀት ላይ እየሳልኩ። ዓይኔን ከወፎቹ ካነሳሁ አባባ ይቆጣኛል» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች።

ርካሹን አስጠቀለልኩ። ከማማው በወረደች ቁጥር ወፍ የበላውን ዛላ ስቆጥርባት ኖሬያለሁ፤ ወረቀቷን ግን አንድ ቀን እንኳ ገልጬ አላየሁም።