ከቀዩ ገመድ ወዲህ የቆሙት ነርስ፤ ወይዘሮ አስሊ ዱዓሌ

ሐዘናችንን ልትካፈሉ ለመጣችሁ ሁሉ፣ በተለይም በድሬዳዋና በሐረር በአማርኛ አብራችኋቸው ለተማራችሁና ለሠራችሁ፣ ወይዘሮ አስሊ የኖሩትን ሕይወት በአጭሩ እናሰማችኋለን።

ወይዘሮ አስሊ ከአባታቸው ከአቶ ዱዓሌ ኡመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኻዲጃ ሀሰን በ1965 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሆነው ልጆቻቸውን በብርቱ ያስተማሩ ሰው ስለነበሩ፣ እርሳቸውም በነርስነት ተመርቀው በሐረር ጥቂት ከሠሩ በኋላ፣ ከሶማሊያው ጦርነት የሸሹ ወገኖቻቸውን በሐርታ ሼክ የስደተኞች ጣቢያ ሦስት ዓመት አከሙ።

በ1991 ስደተኛው ሲመለስ ከታናሽ ወንድማቸው ከመሀድ ጋር ወደ ፈራረሰችው ሀርጌሳ መጡ። ወሩ ሳይሞላ አንዲት ጎረቤታቸው ፈንጂ ረግጣ ወደቀች፤ ሊያነሳት የሮጠው መሀድም ሁለተኛውን ረግጦ ሕይወቱ አለፈ። ወይዘሮ አስሊ ሐዘናቸው ሳይወጣላቸው በፈንጂ አምካኞች ቡድን ውስጥ በነርስነት ተቀጠሩ።

በ1993 አንድ ጠዋት፣ በከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ወጣቱ ፈንጂ አምካኝ ሀይቤ ዋርሳሜ ፈንጂ ፈንድቶባቸው ግራ እግራቸውን ተመቱ። ወይዘሮ አስሊ የቆሙት አደገኛውን መሬት በሚከልለው ቀይ ገመድ ዘንድ ነበር፤ ሀይቤ የወደቁት ደግሞ ከዚያ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀው ነበር፤ መካከሉ ግን አልተፈተሸም። የሀይቤ ቤት ቅርብ ስለነበር እናታቸው ወይዘሮ ላዳን ፍንዳታውን ሰምተው ደረሱና ወይዘሮ አስሊን፣ «ልጄ ደሙ እየፈሰሰ ቆመሽ ታይዋለሽ? ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?» አሏቸው። ወይዘሮ አስሊ ወደ ቁስለኛው ዞሩ።

«ሀይቤ፣ ቀበቶህን ፈትተህ ከጉልበትህ በላይ እሰረው» ሲሉ ተጣሩ።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

«በጥርስህም ቢሆን ሳበው። ድምፅህን እንዳታጠፋብኝ።»

የቡድኑ ባልደረቦች መሬቱን በስንዝር በስንዝር እየፈተሹ መንገድ እስኪከፍቱ አርባ ደቂቃ አለፈ። ወይዘሮ አስሊ ኋላ ለልጃቸው ለሱመያ እንደነገሯት፣ እግራቸው ሩጪ ሩጪ እያላቸው የገመዱን ካስማ ጨብጠው መዳፋቸው እስኪደማ ድረስ ቆሙ። ወደ ቁስለኛው በሚወስደው ቀጥተኛ መስመር ላይም ሌላ ፈንጂ ተገኘ። አቶ ሀይቤ እግራቸውን አጡ፤ ነፍሳቸው ግን ተረፈች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወይዘሮ አስሊን ለልጃቸው ለአቶ ሀይቤ ሊያጩ ወይዘሮ ላዳን ከሽማግሌዎቹ ቀድመው መጡና፣ «የተናገርኳት እኔ ነኝ፤ የምለምናትም እኔው ነኝ» አሉ። ጋብቻው ተፈጽሞ ባልና ሚስቱ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ጎጆ ቀልሰው ሁለት ልጆች አፈሩ። ወይዘሮ አስሊም ለፈንጂ አምካኞች ነርሶችን ሲያሠለጥኑ፣ በሼክ ኑር የሰፈሩ ተመላሾችንም የቱን መሬት መርገጥ እንደሌለባቸው ሲያስተምሩ ኖሩ።

በ2007 የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። አዲስ አበባ ታክመው ለጊዜው ቢሻላቸውም ሕመሙ ተመልሶ ስለጠናባቸው፣ ትናንት ጠዋት በአርባ አራት ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ባለቤታቸው አቶ ሀይቤ፣ ልጆቻቸው ሱመያና ሐምዛ፣ እናታቸው ወይዘሮ ኻዲጃ፣ እንዲሁም ስድስት ወር ሙሉ ከአልጋቸው ሥር ያልተለዩትና ዛሬም «ልጄን» እያሉ የሚያለቅሱት አማታቸው ወይዘሮ ላዳን በሐዘን ቀርተዋል። አላህ ቀብራቸውን ሰፊና ብሩህ ያድርግላቸው፤ በጀነተል ፊርደውስ ያሳርፋቸው፤ ለእኛም ሶብሩን ይስጠን። አሚን።