ጋዝ የሚወጣባትን ከተማ የሚያጠና ሰው

ነይ ሀስና፣ ነይ ጥላው ስር ግቢ። እንዴት ዋልሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? የአብዱልሐሊም ወገቡ ተሻለው? እሰይ፣ አልሐምዱሊላህ በይ። እኔማ ደህና ነኝ፣ ያስቸገረኝ ይሄ ማንጎ ነው። ዛሬ ጠዋት ከግራና ገበሬዎች የመጣልኝ ነው፤ እንዲህ አምሮ መጥቶ በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን አያድርልኝም። ማንጎ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ "ትንሽ ጠብቀኝ ላስብበት" ቢሉት አይሰማም። በጊዜው ያነሳው ይበላዋል፣ ያላነሳው ዝንብ ሲያባርር ይውላል። እንኪ፣ ይቺን ቅመሻት።

እኔ የምልሽ… እዚያ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ አግዳሚው ላይ… ኧረ አትዙሪ! ቀስ ብለሽ እይ። ነጭ ጋቢ ይታይሻል? ስለ ጋቢው ነው የማወራሽ፣ ስለ ሰው አይደለም፤ ሰው ማማት ነውር ነው። እንዴት ያለ ጋቢ ነው! ሰፈራችን አዋጥቶ የገዛው እኮ ነው። መቼም አትረሺውም፣ አምና ከፋሲካ በኋላ "ጋዝ የሚወጣባት ከተማ የጄኔሬተር መካኒክ ብለው ጠርተውኛል፣ መሄዴ ነው" ያለን አንድ ጎበዝ ነበር። ሰፈሩ ሁለት በግ ጣለ፣ አንዱን ለኛ አንዱን ለናንተ። ለአንድ መንገደኛ ሁለት በግ! ያንን ጋቢ ደረቡለት፣ ጋሽ ይታገሱም ተነስተው "በሰላም ሂድ፣ በሰላም ተመለስ" ብለው መረቁት። እኛም አሜን አልን፣ እናንተም አሚን አላችሁ። ታዲያ ሀስና፣ ምርቃት እንደዚያ ፈጥኖ ሲደርስ አይተሽ ታውቂያለሽ?

በማግስቱ ተመለሰ! በደሴ በኩል መውረድ ሲገባው፣ "አክስቴን ልሰናበት" ብሎ ሽቅብ ወልድያ ወጣ። አክስቱ ቤት አደረ፣ ጠዋት በሚኒባስ ከነጋቢው እዚሁ መርሳ ወረደ። የጋሽ ይታገሱን አፍ ማር ያድርግላቸው፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ምርቃታቸው አያመልጠኝም።

ምን ነካህ ሲሉት ምን አለ? "ነገሩን ትንሽ ላጥናው።" እውነቱን ነው! የሰው አገር ዝም ተብሎ ይገባል እንዴ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ… የኛው እንቁላል ደግሞ ይኸው መንገዱን ሲያጠና ዓመት አለፈው። ደብተር አለው አሉ። በግራ ገጽ የመሄድ ጥቅሙ፣ በቀኝ ገጽ የመሄድ ጉዳቱ። እዚህ ምሳ ሊበላ የቆመ የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ ሳይመረመር አያልፍም። ሙቀቱ እንዴት ነው? ውሃው ጨው ጨው ይላል? ጊንጥ አለ? ቤተ ክርስቲያኑ ከካምፑ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? ሽሮው የማን አገር ሽሮ ነው? ሓለፎም የሚባል የቆቦ ሾፌር አለ፣ ባለፈው ምን ቢለው ጥሩ ነው… "ወንድሜ፣ እኔ ሦስቴ ደርሼ መጣሁ፣ አንተ ገና ያችኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለህ?" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። መርሳ ተወልዶ ሙቀት መፍራት ምን ያስቃል? ሙቀት ፈርቶ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ መልበሱ ብቻ ነው ያልገባኝ።

ምን በዓይንሽ ትጠቅሺኛለሽ? ይሰማል ብለሽ ነው? ቢሰማስ፣ ሰው ሲመሰገን ቢሰማ ምን አለበት? አስተዋይ ነው እያልኩ እኮ ነው! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ አባቶች። አንዱንም ሳይወጡ ስር ቁጭ ብሎ ማወዳደር ግን ጥበብ ነው፣ ማንም የሚችለው አይደለም። የጠሩትም ሰዎች ይመስገኑ፣ ሁለት ጊዜ መልሰው ደወሉለት። በመጨረሻ ሰልችቷቸው ሌላ መካኒክ ቀጠሩ አሉ፤ ያም ሰውዬ የዓመት እረፍቱን ጨርሶ ተመልሷል።

ሰው ለራሱ ቢያጠና እኔን ምን ገዶኝ… ለራሱ ብቻ ቢሆን። አንቺ ታውቂያለሽ ሀስና፣ ሦስት ሽማግሌ ደጄ ላይ ቆመው ልጄን ሰላማዊትን ለባለ ጋቢው ሲጠይቁ አንቺም ነበርሽ። "ልጁ ጨዋ ነው፣ አይቸኩልም" አሉኝ። መች ዋሹኝ? ሰላማዊት ቀለበት ካደረገች ሦስት ዓመቷ። ኮምቦልቻ ጥሩ ሥራ ሲመጣላት "ተይው፣ አብረን የምንሄድበት ከተማ አለ፣ ትንሽ ጠብቂኝ" ተባለች። ተወችው። ሠርጉ ለጥር ተባለ፣ ለሚያዝያ ተባለ፣ ደግሞ ለጥር ተባለ። "መቼ ነው ደስታው?" የሚሏት ሰዎች በዝተውባት፣ ከሥራዋ ከወልድያ ስትመጣ በዚህ በዋናው መንገድ መግባት ትታ በጓሮ መግባት ጀመረች። ልጄ ምን በድላ ነው በጓሮ የምትገባው? እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ስታደርግ ሳይ አንጀቴ አርሯል። ብቻዬን ያለቀስኩበት ቀን አለ።

ተይው፣ አለፈ። እሱንም አልወቅስም፣ እንዲያውም ባለውለታችን ነው። ያን ሁሉ ሾፌር ሲመረምር እሷም በጓሮ መግባት ሳትጀምር እዚሁ ማንጎ ስትደረድርልኝ ትሰማ ነበራ! የከተማዪቱን ነገር አንድ ሳይቀር ከሱ ተማረችው። ከዚያ ምን አደረገች መሰለሽ… ማመልከቻ ጻፈች። ክሊኒክ ከፍተው ላቦራቶሪ የሚሠራ ይፈልጉ ነበር። ደወሉላት። አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻቸው፦ "መቼ ልምጣ?"

አዎ፣ እዚያችው ከተማ! ነገ ጠዋት በደሴ መኪና ትሄዳለች። "ሙቀቱስ ልጄ?" ብላት "እማዬ፣ መርሳ አይደል እንዴ ያደግኩት?" አለችኝ። "ጊንጡስ?" ብላት "ጊንጥም እኮ ሰው ይፈራል" አለችኝ። ሰፈሩ ሽኝት እናድርግላት ብሎ ነበር፣ እባካችሁ ተዉኝ አልኩ። የኛ ሰፈር ሽኝት ሰው ይመልሳል ብዬ ፈርቼ ነው። እዚያ ብቻዋን ናት፣ ዘመድ የላትም፣ ልቤ ይፈራላታል። ግን ትናንት ሻንጣዋን ስትዘጋ ፊቷን አየሁት፤ ሦስት ዓመት አጥቼው የነበረው ፊቷ ነው።

ልትሄጂ ነው? ቆይማ፣ መንገድሽ በዚያው ከሆነ ይቺን መሐረብ ለባለ ጋቢው አቀብይልኝ። አትከብድም፣ የቋጠርኩባት አንዲት ቀለበት ናት። በደብተሩ በግራ ይጻፋት በቀኝ፣ እሱ ያጥናው። ገነት ተቀይማኛለች ወይ ብሎ ስለኔ ከጠየቀሽ፣ ኧረ እሷ መርቃሃለች በይው። አሚን ማለቱን ደግሞ አንቺ አትርሺብኝ። እንዲህ ብላሃለች በይው፦ "ልጄ፣ ከተቀመጥክበት የሚያስነሳህ ነገር አይምጣብህ። ጋቢህ አይለቅ፣ ጥላ አይለይህ። አምላክ ረጅም ዕድሜ ሰጥቶህ፣ ጥናትህን ፈጽመህ እዚያች ከተማ የገባህ ቀን፣ የሰላማዊት ልጆች በሩን ይክፈቱልህ… 'ይግቡ አባባ፣ ከሩቅ ነው የመጡት' ብለው ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጡህ።"