ድሬዳዋ ሲደርስ የሚቀለው ከረጢት

በእኛ ጊዜ እኮ ፖስታ አንዴ ከተላከ ማን እጅ ላይ እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። እናንተ ዛሬ ትራክ ታደርጋላችሁ፣ «ፓኬጄ ኒውአርክ መጋዘን ገብቷል፣ ነገ ኦክላንድ ይደርሳል» ትላላችሁ። እኛ የምናውቀው መርከቡ ጅቡቲ መግባቱን ብቻ ነው፣ እሱንም ሲጮህ ነው። ሲጮህ ስልሽ ደግሞ ቤቲዬ፣ ድሬዳዋ ያለች ፍየል ደንግጣ ያለ ወሯ ትወልድ ነበር። አትሳቂ! ይኸው ተስፋይ አጠገቤ ማዕዱ ላይ ተቀምጧል፣ ከሳን ሆዜ ድረስ ትራፊኩን ችሎ የመጣው ሊመሰክርልኝ ነው። ተስፋይ፣ ዋሸሁ?

«አቦ፣ ፍየሏን አላውቃትም። ቀጥል።»

እና እኔና እሱ የባቡሩ ፖስታ ፉርጎ ላይ እንሠራ ነበር፣ ሁለት ጎረምሳ። ከባሕር ማዶ የመጣው ደብዳቤ ከመርከብ ይወርዳል፣ ወደቡ ላይ ይመዘናል፣ ክብደቱ ከከረጢቱ አንገት በተንጠለጠለች ካርቶን ላይ ይጻፋል፣ አፉ በእርሳስ ማኅተም ይታሸጋል፣ ታዲያ እኛ ተረክበን ድሬዳዋ እናደርሳለን። መርከቡ ከዘገየ ባቡሩ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ባቡሩ ከዘገየ ግን መርከቡ ማንንም አይጠብቅም፤ ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ድሬዳዋ ላይ ከረጢት ቆጥረን ነበር የምናስረክበው። ታዲያ አንድ አዲስ ሹም መጣና «እዚህም ይመዘን!» አለ። መዘነ። ቀለለ!

«ደብዳቤው የት ሄደ?» አለን።

«ጌታዬ፣ ማኅተሙ እኮ አልተነካም።»

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራኝ! ማኅተም ሳይነካ የሚሰርቅ ሌባ ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

በሌላው ጉዞም ቀለለ፣ በሌላውም ቀለለ። ሹሙ «አንዴ ከደገማችሁ ሁለታችሁንም ወህኒ አወርዳችኋለሁ» አለ። እና እኔ እንዳልሰረቅኩ አውቃለሁ፤ ታዲያ ማን ቀረ? ተስፋይ ቀረ! ደግሞስ አዲስ ጫማ አድርጎ ብቅ አይልም? ጫማው በተራመደ ቁጥር የሰው ደብዳቤ የሚራመድ ይመስለኛል።

«ወንድሜ የገዛልኝን ጫማ! አንተስ? ያን ሰሞን ጉንጭህ ሞልቶ የለም እንዴ?»

ሰማሽው? በጉንጬ ጠረጠረኝ! እንዲያውም አንድ ቀን ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ እግሬ ከእግሩ ጋር በሲባጎ ታስሯል፣ ስነሳ እንዲሰማው። እኔም ዝም አላልኩም፣ ቋጠሮውን እሱ ካሰረው የበለጠ አጠበቅኩት። እና ሁለት ሰው እግር ለእግር ታስሮ፣ ከረጢቱን መሀል አድርጎ፣ ዓይን ለዓይን እየተፋጠጠ ድሬዳዋ ገባ። አሁንም ቀለለ!

ታዲያ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ተላከ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ካቴና በቦርሳው የያዘ፣ የእጅ ሚዛን የያዘ። ጅቡቲ ላይ ከረጢቱ ሲጫን በገዛ ሚዛኑ አመሳከረ፣ ልክ ነው። ከዚያ ላዩ ላይ ቁጭ! ለምሳ አይነሳ፣ ለሽንት አይነሳ፣ እንደ ዶሮ ታቀፈው። በየጣቢያው «ሌባ ዛሬ ይታያል» ይለናል። እኔ ተስፋይን አያለሁ፣ ተስፋይ እኔን ያያል፣ እሱ ሁለታችንን ያያል።

ድሬዳዋ አንድ ጣቢያ ሲቀረን፣ ሽንሌ ላይ፣ ተነሳና በእጅ ሚዛኑ መዘነው። ፊቱ አመድ ሆነ። ደግሞ መዘነው። ታዲያ ተስፋይ፣ ይሄ የምታዪው ዝምተኛ ተስፋይ፣ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ጌታዬ፣ ካቴናው ለማን ነበር?»

«ፈትሹኝ!» አለ ሰውዬው። ኮቱን አወለቀ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ባርኔጣውን ገለበጠ። ፈተሽነው! ምንም የለም። ከዚያ ላቡን ጠረገና «ልጆቼ፣ ጠማኝ፣ ውሃ አምጡልኝ» አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሌቦች ነበርን፣ አሁን ልጆቹ ሆንን። አንድ ጆግ ሙሉ አመጣንለት። በሩን ዘጋብን። ሲከፍት ጆጉ ባዶ ነው፣ ጢሙ ግን ደረቅ!

እና ድሬዳዋ ገባን፣ ከረጢቱ ሚዛን ላይ ወጣ። ከበደ! ካርቶኗ ላይ ከተጻፈው በላይ ከበደ! ሹሙ ካርቶኗን አየ፣ ሚዛኑን አየ፣ «አሁን ደግሞ ማን ጨመረበት?» አለ። ያን ጊዜ ከከረጢቱ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ የሹሙ ጫማ ላይ።

ተቆጣጣሪው ተንበረከከ። «ጌታዬ፣ ቀለለብኝ፣ ፈራሁ፣ ውሃ አፈሰስኩበት። እንጀራዬን አይቁረጡብኝ፣ የልጆች አባት ነኝ!» እኔ ወህኒውን እየጠበቅኩ ነበር፣ ሰውዬው ሲያለቅስ ግን አሳዘነኝ፣ እውነቴን ነው።

ሹሙ አልጮኸም። ከረጢቱን ዳበሰ፣ አሰበ፣ አሰበና «አንተ እዚህ ውሃ አጠጣኸው። ጅቡቲስ ማን አጠጣው?» አለ። ፀሐይ ላይ አስጣው፣ ሲደርቅ አስመዘነው፣ ያው የቀድሞው ጉድለት መጣ! ለካ ባሕሩ ነው። የጅቡቲ አየር እኮ አየር አይደለም፣ ውሃ ነው፤ ሸሚዝ ሰቅለሽ ብትመለሺ ጨምቀሽ ነው የምትለብሺው። የከረጢቱ ሸራ ከመርከብ ሆድ ጀምሮ እርጥበት ጠጥቶ ወደብ ላይ ሲመዘን ይከብዳል፣ በረሃውን ሲያቋርጥ ይደርቃል፣ ይቀላል። በቃ! ያን ቀን ግን የድሬ ነጋዴ ሁሉ ደብዳቤውን ሲከፍት ያገኘው ሰማያዊ ወረቀት ብቻ ነው፣ ቀለሙ ፈሶ።

«ዌት፣ ሶ ኖባዲ ስቶል ኢት?»

ኖባዲ፣ ቤቲዬ! የሚሰረቅ ነገር ሳይሰረቅ ሦስታችንም ሌባ ሆነን ከረምን። ሹሙ ይቅርታ ጠየቀን፣ ተቆጣጣሪውም እንጀራው አልተቆረጠም፣ እኛም እግራችን ተፈታ። ግን ምኑን ተፈታ? ስንት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሳህን እንበላለን፣ ይሄ ሰውዬ እስከ ዛሬ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ወደ ኋላ እያየ ነው የሚሄደው።

«ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ጥብስ አሁን ሙሉ አልነበረም? እኔ ስስቅ ማን ነካው?»

ደርቆ ነው አቦ! ደርቆ!